ሁለተኛው ብልቃጥ

የሊማ ወንዝ ባሕር ሊገባ ሲቃረብ፣
ጭጋግ ተሸክሞ ድልድዩን ሲከብ፣
ቪያና ተኝታለች። እኔ ምድር ቤት ነኝ፤
ደም የሚያሽከረክር መኪና ጎረቤት ሆነኝ።

ሰው አላይም እዚህ፤ ስም ነው የማነበው፣
አረንጓዴ ክዳን፣ የተለጠፈ ቁጥር፣ ያልቀዘቀዘ ደም ነው።

«ዙልሚራ» ይላል መለያው፣ «ሴት፣ ሃምሳ ስምንት»፤
ከግርጌው የሐኪም ጽሕፈት፣ የጭረት ክምችት፦
«መንጋጋ፣ ጀርባ፣ ላብ፤ ከእራት ወዲህ የጀመረ»።
ብልቃጡን ያመጣው ልጅ «ዓሣ ሻጯ ናት» አለና በረረ።

ማሽኑ አስራ ስምንት ደቂቃ አሰበ፣
አስራ ዘጠኝ ብሎ ቁጥሩን አቀረበ።
አስራ ዘጠኝ ናኖግራም፣ በሊትር የተሰፈረ፤
በትልቅ ኩሬ ውስጥ ቁንጥር ጨው ቢበተን ያን ያህል ነበረ፤
ትሮፖኒን፣ የልብ ጡንቻ ፍርፋሪ፣
ከቤቱ ወጥቶ በደም ጎዳና አዳሪ።

የድሮው ቅጻችን አንድ ድንበር ነበረው፤
ሠላሳ አራት ይላል፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ደህና ነው።
ለወንድ የተሰፋ ኮት፣ ሴቲቱን አልብሶ
«ልክሽ ነው» የሚላት፣ እጅጌው መሬት ደርሶ።
በዚያ ቅጽ ዘመን፣ እኔም ገና ለጋ፣
«መደበኛ» ብዬ ፈርሜያለሁ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፤
ሴትዮዋ፣ ስሟን አልጠራም፣ በአውቶቡስ ተሳፍራ
ድልድዩን አልጨረሰችም።

ዛሬ ቅጹ ለሴት አስራ ስድስት ይላል፤
አስራ ዘጠኝ ደግሞ አስራ ስድስትን ያልፋል።
ቢሆንም በአንድ ምስክር ፍርድ አይበየን፤
«ከሁለት ሰዓት በኋላ ሌላ ደም ይምጣልን»
ብዬ ጻፍኩ።

ከጎኗ የአብሊዮ ደም ቆሟል በመደርደሪያው፤
ስልሳ ሁለት። ባለፈው ሳምንት ስልሳ አንድ፣ የወር በፊቱም ያው።
ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ ቁጥሩ ከፍታ ላይ የተኛ፤
ማሽኑ ግን ቀይ ያበራል፣ ይጮኻል እንደ ዘበኛ፣
ሌባና ባለቤት እንደማይለይ።
እኔ ከፍታ አልፈራም።
ቆሞ ያለ ተራራ ማንን ገደለ?
የሚናደው እንጂ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ አለፈ። ሁለተኛው ብልቃጥ መጣ፤
ብርሃን ላይ ያዝኩት፣ ቅላት አለው ወይስ ነጣ?
የተሰባበረ ደም ይዋሻልና።
ጠርቷል። አሽከረከርኩ። ጠበቅሁ። እጄን ታጠብኩ ያለ ምክንያት።
ሰባ አራት።

ውጤቱ ተልኳል፣ ስክሪኑ ላይ አለ፤
በዚያ ሁሉ ግርግር ግን ስክሪን ማን ልብ አለ?
ስልክ አነሳሁ። ዶክተር ቫስኮ፣ እንቅልፍ በጉሮሮው እንደ ጠጠር።
«ዙልሚራ፤ መጀመሪያ አስራ ዘጠኝ፣ አሁን ሰባ አራት። መልሰህ ንገረኝ።»
«አስራ ዘጠኝ... ሰባ...»
«ሰባ ስንት?»
«አራት።»
«እየወጣ ነው» አልኩት፣ «ልብ በል።»
ዝም አለ። ወንበር ሲገፋ ሰማሁ፣
ከዚያ ጫማ፣ ከዚያ ምንም።

መዝገቡ ላይ ሰዓቱን ጻፍኩ፣ የሰማውን ስም፣ የነገርኩትን እኔን፣
መልሶ መናገሩንም። ከሪፖርቱ ግርጌ ይህችን ብቻ ጨመርኩ፦
«ደም ጉዳቱን እንጂ ጎጂውን አይናገር፤
ከሕመሟና ከልቧ ንድፍ ጋር ይነበብ ነገሩ።»

ሲነጋ በዓሣ ገበያው በኩል ወደ ቤቴ ሄድኩ።
በረዶው ይፈሳል፣ ሰርዲኑ ያበራል፤
አንዱ መደብ ብቻ ሸራ ለብሶ ውሏል።
የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም፤ ምላሴ ቃል አለበት፣
ነጭ ካፖርት ከለበስኩ ቀን ጀምሮ የታሰረበት።
ከጎረቤቲቱ አንድ ኪሎ ገዛሁ።
ሚዛኑ ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ።
«ይቅርታ» አልኳት፣ «አንሺውና እንደገና መዝኚው።»
«ሰው አታምንም እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።
እየሳቀች መዘነችው።